ከአማርኛ የጤና ጽሑፎች ዕውቀትን ማውጣት፦ የኦንቶሎጂና የቋንቋ ትንተና ቅንጅት በሐይቅ አካባቢ ማሳያነት

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ ስለ ጤና ከተጻፉ የአማርኛ ጽሑፎች በኮምፒውተር አማካይነት ዕውቀትን ለማውጣት ኦንቶሎጂና የቋንቋ ትንተና እንዴት ሊቀናጁ እንደሚገባ ይመረምራል። ማሳያው በደቡብ ወሎ የሚገኘው የሐይቅ አካባቢ ነው። ለእንግሊዝኛ የተሠራን መዋቅር በትርጉም ብቻ ወደ አማርኛ ማምጣት ሦስት ስሕተቶችን ያስከትላል፤ በሽታን ያለ ቦታው ያስቀምጣል፣ ሕመምንና መድኃኒትን ያደባልቃል፣ ያልታየን ምልክት እንደ ታየ ይመዘግባል። መፍትሔው ከአገሬው ቃል ተነሥቶ ወደ ዓለም አቀፉ መዋቅር የሚሄድ ኦንቶሎጂ መገንባት እንደ ሆነ ጽሑፉ ይከራከራል።

1. መግቢያ

ኦንቶሎጂ ሲባል በዚህ ጽሑፍ የፍልስፍናውን ሥነ ህላዌ ለማለት አይደለም። በአንድ የዕውቀት ዘርፍ ያሉ ጽንሰ ሐሳቦችንና በመካከላቸው ያለውን ዝምድና ኮምፒውተር ሊያነበው በሚችል መልክ የሚዘረዝር መዋቅር ማለት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1986 የጀመረው ዩ.ኤም.ኤል.ኤስ. የተሰኘው ሥርዓት ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። በእርሱ ውስጥ እያንዳንዱ ጽንሰ ሐሳብ አንድ መለያ ቁጥር ሲኖረው፣ ልዩ ልዩ ስሞቹ ሁሉ በዚያ ቁጥር ሥር ይሰበሰባሉ።

በዚያው ዓመት ዶን ስዋንሰን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ የዘርፉን ተስፋ የሚያሳይ ሥራ አሳተመ። አንድ ወገን ጽሑፎች የዓሣ ዘይት የደምን መወፈር እንደሚቀንስ ይናገሩ ነበር፤ ሌላ ወገን ጽሑፎች ደግሞ የጣቶችን የደም ዝውውር የሚያውከው የሬኖ ሕመም ከደም መወፈር ጋር እንደሚያያዝ ይገልጹ ነበር። ሁለቱን ያገናኘ ግን አልነበረም። ስዋንሰን ጽሑፎቹን ጎን ለጎን በማንበብ፣ የዓሣ ዘይት ለሕመምተኞቹ ሊረዳ ይችላል የሚለውን መላምት አቀረበ።

የዚህ ዓይነቱ አስተሳሰብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ወንዝ ዳር ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመለከቱ። እንዶድ ልብስ እንደሚያነጣ ሕዝቡ ያውቃል፤ ቀንድ አውጣ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ መሆኑን ሳይንሱ ያውቃል። ሁለቱን ዕውቀቶች በአንድ መስመር ያገናኘው የእርሳቸው ምልከታ ነበር። ኦንቶሎጂና የቋንቋ ትንተና ሲቀናጁ የሚፈለገውም ይኸው ነው፤ በተለያየ ጽሑፍ ተለያይተው የተቀመጡ ዕውቀቶችን ለተመራማሪው ጎን ለጎን ማቅረብ።

ጉዳዩ ለሐይቅ አካባቢ የንድፈ ሐሳብ ጥያቄ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት የሐይቅ ከተማን አዲስ የአንጀት ቢልሃርዝያ መተላለፊያ ቦታ አድርጎ መዝግቧል። ስለዚህ ስለ አካባቢው የሚጻፈው ሁሉ፣ የጤና ጣቢያ መዝገብም ሆነ የምርምር ጽሑፍ፣ በትክክል መነበብ አለበት።

2. «ሐይቅ» የትኛው ነው?

የመጀመሪያው መሰናክል የቦታው ስም ራሱ ነው። «ሐይቅ» የወል ስም ነው። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማም በዚሁ ስም ትጠራለች፤ ከተማይቱ አጠገብ ያለው ውሃም እንዲሁ። ገዳሙም ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። የግእዝ ፊደል የተጸውዖ ስምን የሚለይበት ትልቅ ፊደል ስለሌለው፣ «በሐይቅ ዳር የሚኖሩ ሕፃናት» የሚለውን ሐረግ ያነበበ ፕሮግራም ስለ ተሁለደሬ ይሁን ስለ ጣና ወይም ስለ ሐዋሳ ከቃሉ ብቻ ሊያውቅ አይችልም።

በዚህ ላይ የአጻጻፍ ልዩነት ይጨመራል። ሐይቅ፣ ሀይቅ፣ ሃይቅ እና ኃይቅ ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። በላቲን ፊደል ሲጻፍም የመጨረሻው ድምፅ አንዴ በ«ኬ» ሌላ ጊዜ በ«ኪው» ፊደል ይወከላል። ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ማምጣት ፍለጋን ያቀላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው አጻጻፍ ጎን ለጎን መቀመጥ ይኖርበታል፤ በተለይ በብራና ጽሑፎች አጻጻፉ ራሱ ማስረጃ ሊሆን ይችላልና።

ለዚህ የሚያዋጣው በኦንቶሎጂው ውስጥ ከተማው፣ ውሃውና ገዳሙ የየራሳቸው መለያ እንዲኖራቸው፣ በመካከላቸውም «አጠገብ ነው»፣ «ውስጥ ይገኛል» የሚሉ ዝምድናዎች እንዲመዘገቡ ማድረግ ነው። የቋንቋ ትንተናው ደግሞ ዐውዱን ይመለከታል፤ «ከተማ»፣ «እስጢፋኖስ» ወይም «ተሁለደሬ» በአቅራቢያው ካለ ቃሉ የተጸውዖ ስም የመሆን ዕድሉ ይጨምራል፤ «ጣና ሐይቅ» እንደሚለው ሌላ ስም ከቀደመው ግን ይቀንሳል። ጥንቃቄው ከንቱ አይደለም። የቢልሃርዝያ መድኃኒት የሚታደለው የሥርጭት መረጃን መሠረት አድርጎ በመሆኑ፣ በስም መመሳሰል ወደ ሌላ ቦታ የተመዘገበ ሕመም ሕክምናውንም ወደ ሌላ ቦታ ሊወስደው ይችላል።

3. አንድ ቃል፣ ሦስት ጽንሰ ሐሳብ

ሁለተኛው መሰናክል በአንድ ቃል የሚጠሩ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «ኮሶ» ከሁሉ የጠራ ምሳሌ ነው። «ኮሶ ተከለ» ሲባል ዛፉ፣ «ኮሶ ጠጣ» ሲባል ከአበባው የሚዘጋጀው መድኃኒት፣ «ኮሶ ታየበት» ሲባል በአንጀት ውስጥ ያለው ትል ነው። ትርጉምን ብቻ የሚከተል መዝገበ ቃላት ሦስቱን በአንድ ቁጥር ሥር ቢያስገባቸው፣ ሕመሙ የራሱ መድኃኒት፣ መድኃኒቱም የሕመሙ መንስኤ ሆኖ ይወጣል።

በኦንቶሎጂው ውስጥ ሦስቱ ጽንሰ ሐሳቦች በሦስት የተለያዩ ክፍሎች ማለትም በዕፅዋት፣ በመድኃኒትና በሕመም ሥር መቀመጥ አለባቸው። አያይዟቸው የሚቀረው ዝምድናው ነው፤ መድኃኒቱ ከዛፉ «ይዘጋጃል»፣ ሕመሙን «ለማከም ይሰጣል»። የትኛው ጽንሰ ሐሳብ እንደ ተፈለገ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ግሡ ስለ ሆነ፣ የስም ዝርዝር ብቻ ያለው ሥርዓት አይበቃም፤ እያንዳንዱ ስም ከየትኞቹ ግሦች ጋር እንደሚሄድም መመዝገብ አለበት።

ከዚህ የሚከብደው በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምድብ ውስጥ ቁርጥ ያለ አቻ የሌለው የሕመም ስም ነው። በዳማከሴ የሚታከመው «ምች» ከነዚህ አንዱ ነው። ትኩሳትን፣ ራስ ምታትን፣ የከንፈር ቁስልን ሊያካትት ቢችልም ከአንዳቸውም ጋር እኩል አይደለም። አንዱን መርጦ «አቻው ይህ ነው» ማለት ተናጋሪው ያላለውን እንዳለ መመዝገብ ይሆናል። ስለዚህ የአገሬው ጽንሰ ሐሳብ የራሱን መለያ ይዞ፣ ከዓለም አቀፉ መዋቅር ጋር «ቅርብ»፣ «ሰፊ» ወይም «ጠባብ» በሚል ደረጃ መያያዝ ይገባዋል።

4. አሉታና ሕመምተኛው

ሦስተኛው መሰናክል በግሡ ውስጥ ይገኛል። ለማሳያ የሚከተለውን እንውሰድ፦ «ሕፃኑን ሦስት ቀን አስቀመጠው፤ አላስመለሰውም።»

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይስተዋላሉ። አንደኛ፣ ሕመምተኛው የግሡ ባለቤት አይደለም፤ የሚታወቀው በተሳቢ አመልካቹ «-ው» ነው። ባለቤትን ፈልጎ «የታመመው እርሱ ነው» የሚል ደንብ እዚህ ላይ አይሠራም። «አስቀመጠው» ደግሞ በሌላ ዐውድ ዕቃን ማኖር ወይም ሰውን ማስቀመጥ ማለት ነው፤ ተቅማጥን የሚያመለክተው ተሳቢው ሰው ሆኖ ባለቤቱ ሳይጠራ ሲቀር ነው።

ሁለተኛ፣ አሉታው ራሱን የቻለ ቃል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ዌንዲ ቻፕማንና ባልደረቦቿ ለእንግሊዝኛ ያቀረቡት ኔግኤክስ የተባለ ስልት አሉታን የሚያመለክቱ ቃላትንና ሐረጎችን እየፈለገ ይሠራል። በአማርኛ ግን አሉታው «አል-» በሚለው ምዕላድ ውስጥ ተሸሽጓል። የመጨረሻው «-ም» ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ «አስመለሰውም» ሲባል «ደግሞም አስመለሰው» ማለት ሊሆን ይችላል፤ «ስላላስመለሰው» በሚለው ደግሞ አሉታው እያለ «-ም» የለም።

እዚህ ላይ ለመረጃ ፍለጋ የተሠሩ መሣሪያዎችን እንዳሉ መውሰድ አደጋ አለው። ቅጥያዎችን ሁሉ ቆርጦ ግንዱን የሚያስቀር ፕሮግራም «አስመለሰው»ንም «አላስመለሰውም»ንም ወደ አንድ ያመጣቸዋል። ጋዜጣ ለሚፈልግ አንባቢ ይህ ጥቅም ነው፤ ለሕክምና መዝገብ ግን የምስክርነት መገልበጥ ነው። የሚያስፈልገው ምዕላዶቹን የሚጥል ሳይሆን የሚተነትን መሣሪያ ነው። ማይክል ጋሰር ለአማርኛ፣ ለትግርኛና ለኦሮምኛ ያዘጋጀው ሆርንሞርፎ አሉታንና ተሳቢን ለይቶ ስለሚያወጣ ለዚህ ሥራ ጥሩ መነሻ ነው።

5. ምንጩን መያዝ

ዕውቀቱ ከብራና የሕክምና መጻሕፍት ሲወጣ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ስቴፋን ስትሬልሲን እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1973 በሁለት ክፍል ያሳተመው ስለ ኢትዮጵያ ሕክምናና ዕፅዋት የተጻፈ ሥራ የዚህን ሀብት ስፋት አሳይቷል። ሆኖም በመጽሐፍ «ያድናል» የተባለ ሁሉ በሙከራ የተረጋገጠ አይደለም። ኮሶ ራሱ መጠኑ ሲበዛ ዓይንን እንደሚጎዳ ተመዝግቧል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዝምድና «በመጽሐፍ የተነገረ»፣ «በቤተ ሙከራ የታየ» ወይም «በሰው ላይ የተፈተነ» የሚል ደረጃ ከነምንጩ ሊሰጠው ይገባል።

በሐይቅ እስጢፋኖስ የሚገኘውና በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ስብስብ 1832 ቁጥር የተሰጠው የ13ኛው ክፍለ ዘመን ወንጌል፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጧቸውን መጻሕፍት ዝርዝር ይዟል። መጽሐፉን ከሰጪው ለይቶ አለመመዝገብ በዚያ የቆየ ልማድ ነው፤ ዕውቀትን ከባለቤቱ አለመለየትም የዚህ ዘመን ግዴታ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን ለሌላ የውሃ እንስሳ መከላከያነት ለመጠቀም የፈጠራ መብት ማግኘቱ ያስነሣው ክርክር ይታወሳል። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብ ዕውቀትን በሕግ የሚጠብቅ በመሆኑ፣ በኮምፒውተር የሚወጣ ዕውቀትም ከዚህ ውጭ ሆኖ ሊታይ አይገባም።

6. ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው አንድ የሥራ ቅደም ተከተል ይጠቁማል። በመጀመሪያ ለአንድ ወረዳ የሚበቃ ትንሽ ኦንቶሎጂ፣ የቦታ ስሞችን፣ የሕመም ስሞችንና ዕፅዋትን ይዞ ይገንባ። ቀጥሎ ጥቂት ጽሑፎች በቋንቋ ምሁርና በሐኪም በጋራ ምልክት ይደረግባቸው፤ አሉታ፣ ተሳቢና የማስረጃ ደረጃ በዚህ ጊዜ ይመዝገቡ። ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎችን ማሠልጠን ከዚህ በኋላ ይምጣ፤ ምክንያቱም ሞዴሉ ትክክል ይሁን አይሁን የሚለካው በዚህ ሥራ ነው። አንድ ሞዴል «ሐይቅ»ን ከሐይቅ፣ «ኮሶ»ን ከኮሶ፣ «አስመለሰው»ን ከ«አላስመለሰውም» መለየቱ ካልተረጋገጠ፣ ያወጣው ነገር ብዛት እንጂ ዕውቀት አይባልም።