የማታ ረሃብ ከጠዋት ይጀምራል

በዛሬው የጤና ትምህርት ዓምዳችን ብዙ ተማሪዎች፣ በተለይም ልጃገረዶች፣ እርስ በርስ የሚያወሩትን ለአዋቂ ግን ደፍረው የማይጠይቁትን ጉዳይ እናነሳለን። "ክብደት ልቀንስ ብዬ ቀኑን ሙሉ እችለዋለሁ፤ ማታ ላይ ግን ረሃቡ ያሸንፈኛል። ምን ይሻለኛል?" የሚል ነው። እስቲ አብረን እንየው።

ለመሆኑ ክብደት መቀነስ ያስፈልጋችኋል?

ከሁሉ በፊት ይህ ጥያቄ መመለስ አለበት። በእናንተ ዕድሜ ሰውነት ገና በግንባታ ላይ ነው። ቁመት ይጨምራል፣ አጥንት ይጠነክራል፣ ጡንቻ ይዳብራል። በልጃገረዶች ዳሌና ጡት አካባቢ ስብ መጨመሩም የእድገት ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም። ስለዚህ "ወፍረሻል" ወይም "ቦርጫም" የሚል የጓደኛ ቀልድ መለኪያ ሊሆን አይችልም።

ትክክለኛው መለኪያ ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽር ነው። ለአዋቂዎች ክብደት በኪሎ ግራም፣ ቁመት በሜትር ተለክቶ ክብደቱ ለቁመት ካሬ ይካፈላል። ውጤቱ ከ18.5 እስከ 24.9 ከሆነ ጤናማ ይባላል። ነገር ግን ልብ በሉ! ይህ ቁጥር ለእናንተ በቀጥታ አይሠራም። ከ19 ዓመት በታች ላለ ልጅ ውጤቱ ከዕድሜና ከፆታ ጋር ተያይዞ በሠንጠረዥ ነው የሚታየው። በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ጎራ ብላችሁ የጤና ባለሙያ ጠይቁ። ብዙዎቻችሁ "ክብደትህ ልክ ነው፣ ክብደትሽ ጤናማ ነው" ተብላችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ።

ረሃቡ ከየት ይመጣል?

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እናስብ። ጠዋት ሻይ ብቻ ፉት ብላ ከቤት ትወጣለች። ጓደኞቿ ምሳ ዕቃቸውን ሲከፍቱ "አላሰኘኝም" ትላለች። ከሰዓት በኋላ ራሷን ያማታል፣ የመምህሩም ድምፅ ከሩቅ ይሰማታል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የወጡ ሽታ ሲያውዳት በቃ! ሁለት ሦስት እንጀራ፣ በላዩ ዳቦ፣ በላዩ ስኳር የበዛበት ሻይ። ሆዷ ተነፍቶ ስትተኛ ራሷን ትወቅሳለች። "ነገ ቁርስም ምሳም አልበላም" ብላ ትወስናለች። በማግስቱ ያው አዙሪት ይደገማል።

ይህች ልጅ ሰነፍ ናት? ኧረ በፍጹም! ሰውነቷ ሥራውን እየሠራ ነው። ሆድ ባዶ ሲሆን ግሬሊን የተባለ ሆርሞን ከጨጓራ ይመነጭና "ምግብ ፈልግ" የሚል መልእክት ለአንጎል ያደርሳል። ከስብ ክምችት የሚመነጨው ሌፕቲን ደግሞ "በቂ ስንቅ አለ" ይላል። ምግብን በድንገት በጣም ስንቀንስ ሌፕቲን ይወርዳል፤ አንጎልም ድርቅ የመጣ ይመስለዋል። ቀን ያልተከፈለውን ዕዳ ማታ ከነወለዱ ይጠይቃል።

በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 በአንሴል ኪስ መሪነት የተካሄደ አንድ ጥናት ይህንን ያሳያል። ፈቃደኛ የሆኑ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለ24 ሳምንታት ቀድሞ ይመገቡ ከነበረው ግማሽ ያህሉን ብቻ እንዲበሉ ተደረገ። ክብደታቸው ቀነሰ። ግን ሌት ተቀን ሐሳባቸው ምግብ ብቻ ሆነ። ቁጡና ድብርታም ሆኑ፤ ትኩረት መሰብሰብም አቃታቸው። ገደቡ ሲነሳ አንዳንዶቹ ብዙ እየበሉም አልጠግብ አሉ። እነዚህ ጎልማሶች እንዲህ ከሆኑ ገና በማደግ ላይ ያለ ተማሪማ ምን ይሆናል?

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የማታውን ረሃብ ማታ ላይ ከመታገል ቀን ላይ መቅደም ይሻላል።

1. ቁርስ አትዝለሉ። ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ፍርፍር፣ ቅንጬ፣ በሶ ወይም ዳቦ በቂ ነው። እንቁላል ከተገኘ እሰየው።

2. ምሳችሁ ውስጥ ጥራጥሬ ይኑር። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክና ባቄላ ፕሮቲንና አሰር አላቸው። ቀስ ብለው ስለሚፈጩ ቶሎ አያስርቡም።

3. መክሰስ ብሉ። 10 ሰዓት አካባቢ አንድ እፍኝ ቆሎ ወይም ንፍሮ፣ አሊያም አንድ ሙዝ ብትበሉ እራት ላይ እንደ ተራበ አንበሳ አትሆኑም። በአንጻሩ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ ብዙ ጊዜ 30 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል። ይህም ከ6 የሻይ ማንኪያ በላይ ማለት ነው፤ ረሃብን ግን አያስታግስም። ውኃ ይሻላችኋል።

4. እራትን አስተካክሉ እንጂ አትሰርዙ። ጎመን፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመንና የቲማቲም ሰላጣ በርከት ይበሉ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ገደማ ስላለው ወጥ ስትሠሩ ዘይቱን በማንኪያ ለኩ። በጋራ መሶብ ሲበላ መጠኑን ማወቅ ይከብዳል። ስለዚህ እየተጫወታችሁ በዝግታ ብሉ። የጥጋብ ስሜት እስኪመጣ 20 ደቂቃ ያህል ሊፈጅ ይችላል።

5. ከእራት በኋላ ረሃብንና አምሮትን ለዩ። "አሁን ጎመን በእንጀራ ቢቀርብልኝ እበላለሁ?" ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ "አዎ" ከሆነ በእርግጥ ርቧችኋል፤ ትንሽ ብሉ፣ ነውር የለውም። "አይ፣ ብስኩት ብቻ ነው የምፈልገው" ካላችሁ ግን ምናልባት የፈተና ጭንቀት ወይም ድብርት ይሆናል። ውኃ ጠጡ፣ ተነሱና ተንቀሳቀሱ፣ ከታላቅ እህት ወይም ከወንድማችሁ ጋር አውሩ።

6. በጊዜ ተኙ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ይበልጥ ይርበዋል። ለእናንተ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል። ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሳ ተማሪ ማታ 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ ቢተኛ ይመረጣል።

7. ተንቀሳቀሱ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። ትምህርት ቤት በእግር መሄድ፣ ኳስ፣ ገመድ ዝላይ፣ ውኃ መቅዳትም ጭምር ይቆጠራል።

ከእነዚህ ግን ራቁ!

ረሃብን ለመርሳት ብለው ጫት የሚቅሙና ሲጋራ የሚያጨሱ ወጣቶች አሉ። ጫት ለጊዜው የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ እንቅልፍንም አብሮ ይነሳል። ጫቱን "ለማብረድ" ተብሎ መጠጥ ሲጨመርበት ደግሞ አእምሮ ማመዛዘን ያቅተዋል። ላልተፈለገ እርግዝናና ለኤች አይ ቪ የሚያጋልጥ ጥንቃቄ የጎደለው ግንኙነትም ከዚያ ሊከተል ይችላል። የማክሻ ኪኒን፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒትና ጣት ጉሮሮ ከትቶ ማስታወክም ለልብና ለኩላሊት አደገኛ ናቸው።

የወር አበባ ከቀረ፣ ማዞርና ራስን መሳት ካለ፣ ወይም ስለ ምግብ ማሰብ አላስጠና ካለ ዝም አትበሉ። ለወላጅ፣ ለምታምኑት መምህር ወይም ለጤና ባለሙያ ተናገሩ። በቤታችሁ በቂ ምግብ ባለመኖሩ የምትራቡም ካላችሁ ይህ ችግር እንጂ ጥፋት አይደለም። ለመምህራችሁ መንገር አያሳፍርም።

ክብደትና ሐሜት

አንድ ሰው ሲከሳ "ይዞት ነው" ማለት የቆየ መጥፎ ልማድ ነው። ወፍራም መሆን ከኤች አይ ቪ ነፃ ለመሆን ማስረጃ አይደለም፤ ቀጭን መሆንም የቫይረሱ ምልክት ነው ማለት አይደለም። የሚታወቀው በምርመራ ብቻ ነው። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ወጣቶች ደግሞ የጤና ባለሙያቸውን ሳያማክሩ ምግብ መቀነስ የለባቸውም።

ራሳችሁን ፈትሹ፡ እውነት ወይስ ሐሰት?

ሀ. ቁርስና ምሳን መዝለል የማታ ረሃብን ያባብሳል።
ለ. የአዋቂዎች የክብደት መለኪያ ለ15 ዓመት ልጅም በቀጥታ ያገለግላል።
ሐ. ከእራት በኋላ በእርግጥ ከራበን ትንሽ መብላት ስህተት ነው።

መልስ፡ ሀ. እውነት፤ ለ. ሐሰት፤ ሐ. ሐሰት።

ለክበባት መወያያ፡ በትምህርት ቤታችን በሰውነት ቅርፅ ላይ የሚቀለዱ ቀልዶች ማንን ይጎዳሉ? እኛስ ምን ማድረግ እንችላለን? በሚኒ ሚዲያችሁ ተወያዩበት።

ነገ ጠዋት ቁርስ ሳትበሉ እንዳትወጡ! ለዛሬው በዚሁ እንሰናበታችሁ። ሰላም ሁኑ!