ሁለት መልስ ያለው ጥላ

ውድ ተማሪዎች፣ ዘንድሮ የሒሳብ ፈተና ወረቀቶችን ከመምህራን ጋር ስመለከት አንድ ስሕተት ደጋግሞ ገጠመኝ። ሳይን (ሀ + 30°) የሚለውን ሳይን ሀ + ሳይን 30° ብሎ መበተን ነው። ሀን 60° አድርጋችሁ ሞክሩት። በግራ ሳይን 90° ነው፣ 1። በቀኝ 0.866 + 0.5፣ ማለትም 1.366። ከ1 የሚበልጥ ሳይን ደግሞ የለም።

ትክክለኛው ቀመር ይህ ነው፦

ሳይን (ሀ + ለ) = ሳይን ሀ × ኮሳይን ለ + ኮሳይን ሀ × ሳይን ለ

ጥያቄው ከ0° እስከ 360° ባለው ውስጥ ሳይን (ሀ + 30°) = ኮሳይን ሀ የሚሆንበትን ሀ ፈልጉ የሚል ነበር። በቀመሩ ሲዘረዘር፦

(√3/2) ሳይን ሀ + (1/2) ኮሳይን ሀ = ኮሳይን ሀ

(√3/2) ሳይን ሀ = (1/2) ኮሳይን ሀ

ሳይንና ኮሳይን አብረው ዜሮ ስለማይሆኑ ለኮሳይን ሀ ማካፈል እንችላለን፤ ታንጀንት ሀ = 1/√3። ስለዚህ ሀ = 30°። ብዙዎቻችሁ እዚህ ላይ እስክሪብቶ አስቀመጣችሁ። 210°ስ?

አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ ሁለተኛው መልስ ምን ያደርጋል?» አለኝ። ጥያቄው ደስ ስላለኝ ወደ ግቢው ይዤው ወጣሁ።

ሃያብለ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6° ገደማ ላይ ናት። ፀሐይ በዕለቱ ከምድር ወገብ የምትርቅበትን አንግል ደ እንበለው፤ ወደ ሰሜን ፖዘቲቭ፣ ወደ ደቡብ ኔጌቲቭ። በእኩለ ቀን የፀሐይዋ ከፍታ ሳይን እንዲህ ይሰላል፦

ሳይን 11.6° × ሳይን ደ + ኮሳይን 11.6° × ኮሳይን ደ

ይህ የኮሳይን የልዩነት ቀመር ነው፤ ተጠቅልሎ ኮሳይን (11.6° − ደ) ይሆናል።

አሁን 2 ሜትር ዘንግ ቀጥ አድርገን ብንተክልና የእኩለ ቀን ጥላው 41 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን፣ ፀሐይዋ ከአናታችን ወደ 11.7° ዘንበል ብላለች ማለት ነው። ዕለቱ መቼ ነው?

ኮሳይን (11.6° − ደ) = ኮሳይን 11.7°

ኮሳይን ለ11.7°ም ለ−11.7°ም አንድ ነው። ስለዚህ ደ ወይ −0.1° ነው፣ ወይ 23.3°። የመጀመሪያው ቀንና ሌሊት የሚተካከሉበት ጊዜ ነው፣ መጋቢት 12 ወይም መስከረም 13 ገደማ። ፀሐይዋ በደቡብ ስለሆነች ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል። ሁለተኛው ሰኔ 14 አካባቢ ነው፤ ፀሐይዋ አልፋን ወደ ሰሜን ስለሄደች ጥላው ወደ ደቡብ ይዞራል። ርዝመቱ ያው ነው። አንዱን መልስ የጣለ ተማሪ ሰኔን ከነጥላው ጥሏል።

11.6° − ደ = 0 ሲሆንስ? ያን ጊዜ ዘንጉ ጥላ የለውም። ሚያዝያ 12 ገደማ ከቀኑ 6 ሰዓት ጥቂት ደቂቃዎች ሲያልፍ ግቢ ውስጥ አብረን እናየዋለን። ነሐሴ 16 አካባቢም ይመለሳል፤ ያኔ እረፍት ላይ ስለምትሆኑ ወላጆች ከልጆቻችሁ ጋር በየቤታችሁ ሞክሩት። ኮፍያ ግን አትርሱ፣ የነሐሴን ፀሐይ ታውቋታላችሁ።