ዋጋው ቢለያይም ሕጉ አንድ ነው፦ የአውሮፕላን መቀመጫና የአደጋ ጊዜ መውጫ ፊዚክስ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ሳይንሳዊ ጉባኤ ስንመለስ፣ የኢኮኖሚ ክፍሉ በመሙላቱ በቢዝነስ ክላስ እንድንጓዝ ተደረገ። ወንበሩ እንደ አልጋ የሚዘረጋ፣ ከፊቱም እግርን የሚያግድ ነገር የሌለበት ነበር። የበረራ አስተናጋጇ ስለ ቀበቶው፣ ስለ መውጫ በሮቹና ስለ ላይፍ ጃኬቱ ስታስረዳ እኛ ጋዜጣ እናነብ ነበር። ቀበቶውን ለማሰር ስንሞክር ግን ከለመድነው የተለየ ሆኖ አገኘነው፤ በትከሻም በኩል የሚያልፍ ነበርና። የኒውተንን ሕጎች ለዓመታት ያስተማርን ሰዎች፣ እነዚያው ሕጎች በገዛ አካላችን ላይ እንዴት እንደሚሠሩ ሲነገረን አለማዳመጣችን አሳፈረን።

የበረራ ደኅንነት ማሳሰቢያ ብዙ ጊዜ የተደጋገመ፣ አሰልቺ ንግግር ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ከበስተኋላው አንድ የፊዚክስ ሕግ አለው። በዚህ ጽሑፍ ከእነዚህ መካከል ጥቂቶቹን ከውድ አንባብያን ጋር ለመመልከት እንሞክራለን።

በሩ በአየር ላይ ለምን አይከፈትም?

አውሮፕላን በ11,000 ሜትር ከፍታ ሲበር በውጭ ያለው የአየር ግፊት 23,000 ፓስካል ያህል ብቻ ነው። በውስጥ ያለው ግፊት ግን በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ከሚገኘው፣ ማለትም ከ75,000 ፓስካል ገደማ፣ እንዳያንስ ተደርጎ ይጠበቃል። የአዲስ አበባ ነዋሪ ይህን አየር በሚገባ ያውቀዋል፤ የከተማችን ከፍታ ከዚህ ብዙ አይርቅምና። የሁለቱ ግፊቶች ልዩነት 52,000 ፓስካል ይሆናል። ስለዚህ ስፋቱ ግማሽ ካሬ ሜትር በሆነ በር ላይ 26,000 ኒውተን ኃይል ያርፋል፤ ይህም 2.6 ቶን ከሚመዝን ጭነት ጋር የሚመጣጠን ነው። ብዙ በሮች እንደ ውታፍ ከውስጥ በኩል ክፍተቱን የሚደፍኑ በመሆናቸው፣ ለመክፈት በመጀመሪያ ወደ ውስጥ መሳብን ይጠይቃሉ። ይህን ኃይል የሚያሸንፍ ክንድ ደግሞ የለም።

አውሮፕላኑ ወደ መሬት ሲቃረብ ግን የግፊቱ ልዩነት እየጠፋ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 በደቡብ ኮሪያ፣ ዴጉ ከተማ ለማረፍ በተቃረበ የኤስያና አየር መንገድ አውሮፕላን ላይ፣ ከመውጫው አጠገብ የተቀመጠ ተሳፋሪ ከመሬት 200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በሩን ከፍቶት ነበር። እንደ ዕድል ሆኖ ሁሉም ተሳፋሪዎች ተርፈዋል። እንግዲህ ከመሬት ቅርብ ሲሆን በሩን የሚጠብቀው የአየር ግፊት ሳይሆን፣ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው አስተዋይነት ነው።

ከመውጫው አጠገብ የሚቀመጥ ማን ነው?

በዚህ ስፍራ ያለው ሰፊ የእግር ማሳረፊያ ለምቾት የተተወ አይደለም፤ የሌሎች ሰዎች ማለፊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በእንግሊዝ አገር ማንቸስተር አውሮፕላን ማረፊያ፣ 137 ሰዎችን የያዘ ቦይንግ 737 ለመነሣት ሲንደረደር በእሳት ተያያዘና 55ቱ ሞቱ። አብዛኞቹን የገደላቸው ጭሱ ነበር። በክንፉ ላይ ካለው መውጫ አጠገብ የነበረችው ተሳፋሪ በሩን ለመክፈት ስትሞክር በመጀመሪያ የሳበችው የወንበሩን የክንድ ማሳረፊያ ነበር። በሩ 22 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ሲሆን፣ በተከፈተ ጊዜም ወደ ውስጥ በላይዋ ላይ ወደቀ። ይህን ክብደት ክንድን 60 ሳንቲ ሜትር ዘርግቶ መያዝ፣ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ከመያዝ ይልቅ በትከሻ ላይ ሦስት እጥፍ የማዞር ኃይል ያሳርፋል። በመሆኑም ማሳሰቢያውን አስቀድሞ የሰማና የበሩን አከፋፈል በሥዕል ያየ ሰው ብዙ ያተርፋል።

የአሜሪካ ሕግ በዚህ ስፍራ የሚቀመጥ ሰው ዕድሜው ከ15 ዓመት ያላነሰ፣ በሩን ለመክፈት አቅም ያለውና መመሪያውን የሚረዳ እንዲሆን ያዝዛል። ኃላፊነቱን የማይፈልግ ተሳፋሪም ምክንያቱን ሳይገልጽ ሌላ ቦታ መጠየቅ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በዚህ ሕግ የመውጫ መቀመጫ የሚባለው ወደ መተላለፊያው ሳይገቡ ወይም መሰናክል ሳይዞሩ በቀጥታ ወደ በሩ የሚደርሱበት ብቻ ነው። በቢዝነስ ክላስ የተቀመጠ ሰው በሩ ቅርቡ ስለ ሆነ ብቻ መንገዱን ያወቀ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን በመካከል ግድግዳ፣ ጠረጴዛ ወይም የወንበሩ የራሱ ተንሸራታች በር ሊኖር ይችላል።

ሰፊው ወንበርና የጭንቅላት ጉዞ

እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በወጣው የአሜሪካ መስፈርት መሠረት የአውሮፕላን ወንበር በሙከራ ላይ በሰከንድ 13.4 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ከሰከንድ ሩብ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሲገታ መቋቋም አለበት። በዚህ ጊዜ የሚፈጠረው ከፍተኛ ኃይል የስበትን 16 እጥፍ ይደርሳል። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ለቅጽበት ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን ያህል ወደ ፊት ይገፋል ማለት ነው።

ቀበቶው ወገብን ብቻ ሲይዝ፣ ከወገብ በላይ ያለው አካል እንደ በር በማጠፊያው ዙሪያ ወደ ፊት ይዞራል። በኢኮኖሚ ክፍል የፊተኛው ወንበር ቅርብ ስለ ሆነ፣ ጎንበስ ብሎ ጭንቅላትን አስቀድሞ ወደዚያ ማስጠጋት የምቱን ርቀትና ፍጥነት ይቀንሳል። በቢዝነስ ክላስ ግን ከፊት ባዶ ስፍራ አለ፤ ከባዶው ስፍራ ጫፍ ደግሞ ጠንካራ የጠረጴዛ ጠርዝ ወይም ስክሪን ሊኖር ይችላል። በአንዳንዶቹ ወንበሮች የትከሻ ቀበቶ ወይም በቀበቶው ውስጥ የታጠፈ የአየር ከረጢት የተጨመረው ስለዚህ ነው። ወንበሩ ተዘርግቶ ሳለ ደግሞ አካል ከቀበቶው ሥር ሊሾልክ ይችላል፤ በመነሣትና በማረፍ ጊዜ ቀጥ እንዲል የሚታዘዘውም በከፊል ለዚህ ነው። እንግዲህ ቦታው በሰፋ ቁጥር የወንበሩም ጠባይ ይለያያል፤ ስለዚህ በላይኛው ማዕረግ የሚጓዝ ሰው ማሳሰቢያውን ለማዳመጥ ከሌላው ያላነሰ ምክንያት አለው።

ላይፍ ጃኬቱን መቼ እንንፋው?

ይህን ትምህርት አገራችን እጅግ በከበደ ዋጋ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. ኅዳር 23 ቀን 1996 ከአዲስ አበባ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 በጠላፊዎች እጅ ሳለ ነዳጁ አልቆ በኮሞሮስ ባሕር ላይ አረፈ። ከ175ቱ ሰዎች 125ቱ ሕይወታቸው አለፈ። ከሞቱት መካከል ላይፍ ጃኬታቸውን በአውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ የነፉ ብዙዎች ነበሩ። የተነፋ ጃኬት በአርኪሜደስ ሕግ መሠረት 150 ኒውተን ያህል ኃይል ወደ ላይ ይገፋል። በውጭ ሲሆን ይህ ኃይል ነፍስ ያድናል፤ ውሃ በሚሞላው ክፍል ውስጥ ግን ሰውን ከጣሪያው ጋር አጣብቆ ዝቅ ወዳለው በር እንዳይጠልቅ ያግደዋል። «ከአውሮፕላኑ ስትወጡ ንፉ» የምትለው አጭር ትእዛዝ ከዚህ የከበደ ትርጉም አላት።

ማጠቃለያ

አዲስ የመንገደኛ አውሮፕላን፣ ከመውጫዎቹ ግማሾቹ ብቻ አገልግለው፣ ሙሉ ተሳፋሪውን በ90 ሰከንድ ውስጥ ማስወጣት እንደሚችል መረጋገጥ አለበት። ኤርባስ 380 እ.ኤ.አ. በ2006 በተደረገለት ሙከራ 873 ሰዎችን በ78 ሰከንድ አስወጥቷል። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 በቶኪዮ ሃኔዳ ከሌላ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ በተቃጠለው የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ የነበሩት 379 ሰዎች ሁሉ የተረፉት፣ ከስምንቱ መውጫዎች ሦስቱ ብቻ አገልግለው ነው።

እኛም ከዚያ ጉዞ ወዲህ ወንበራችን ላይ እንደ ተቀመጥን ቀበቶውን አንድ ጊዜ አስረን እንፈታለን፤ እስከ ቅርቡ መውጫ ያሉትን ረድፎች ወደ ፊትም ወደ ኋላም እንቆጥራለን፤ ጭስ ዓይንን ሲጋርድ መንገዱን የሚመራው የእጅ ዳሰሳና ይህ ቁጥር ነውና። ጋዜጣው እስኪነሣ ድረስ ይቆየናል። ውድ አንባቢም በሚቀጥለው ጉዞው እነዚያን ጥቂት ደቂቃዎች ለአስተናጋጇ ቢሰጥ፣ ከአንድ የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ያላነሰ ትምህርት ያገኛል።