የወረቀቱ ልክና የእናት ትከሻ

ሻንቶ በወላይታ አገር፥ በዳሞት ፑላሳ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያሉት ገበሬዎች እንሰትና በቆሎ፥ ስኳር ድንችና ጎደሬ ያለማሉ። በገበያ ቀን ሴቶች ሸክማቸውን በጀርባቸው አዝለው ከየመንደሩ ይመጣሉ። ልብስ ሰፊዎችም በየበረንዳው ተቀምጠው በእግር የሚረገጠውን የስፌት መኪና ያሽከረክራሉ።

ከዚህች ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ አንዲት ሴት ከሴት ልጅዋ ጋር ትኖር ነበር። ባልዋ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር። ሴቲቱም ከጓሮዋ የምታገኘውን ጎደሬ፥ ከላምዋም የምታገኘውን ቅቤ ወደ ገበያ እያወጣች ቤትዋን ታስተዳድር ነበር። ልጅቱ ትምህርት ቤት ትማራለች፤ በዚያም ከንባብና ከቍጥር ሌላ የልብስ ስፌት ትምህርት ይሰጣታል።

በመስከረም ወር የወላይታ ሰዎች የዘመን መለወጫ በዓላቸውን ጊፋታን ያከብራሉ። ለዚህ በዓል ወንዶቹ ለሠንጋ የሚሆን ገንዘብ፥ ሴቶቹም ቅቤ አስቀድመው ያጠራቅማሉ። ያን ዓመት እናቲቱ ካጠራቀመችው ቅቤ ከፍላ ሸጠችና ሁለት ሜትር ጨርቅ ገዛች። ጨርቁንም ለልጅዋ ሰጥታ፥ «ለበዓል የምትለብሽውን ሸሚዝ ስፊበት» አለቻት።

ልጅቱ ጨርቁን ዳሰሰች። ቀለሙ እንደ በሰለ ቡና ቀይ ነበር፥ ከእጅም ላይ እንደ ውኃ ይፈስ ነበር። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፥ «እማዬ፥ እኔ የአምናው ቀሚስ አለኝ። ይህ ለአንቺ ይሁን» አለች። እናትዋ እምቢ አለች፤ ልጅቱም እምቢ አለች። በመጨረሻ ልጅቱ አሸነፈች፤ ይህ በዚያ ቤት ብዙ ጊዜ የሚሆን ነገር አልነበረም።

ጨርቁ ቪስኮስ የሚባለው ዓይነት ነበር። ቪስኮስ ከጥጥ አይፈተልም፥ ከሐር ትልም አይገኝም፤ የሚሠራው ከእንጨት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1892 ዓ.ም. ቻርልስ ክሮስ፥ ኤድዋርድ ቤቫንና ክሌይተን ቢድል የሚባሉ እንግሊዛውያን እንጨትን በመድኃኒት የሚያሟሙበትን ዘዴ አስመዘገቡ። የሟሟው ነገር እጅግ በጠበበ ቀዳዳ ተገፍቶ ሲወጣ ክር ይሆናል። እንግዲህ ማገዶ በጀርባዋ የምትሸከም ሴት ያንኑ እንጨት ለብሳ ወደ በዓል ልትሄድ ነው፤ ነገሩ የሚያስቅም የሚያስደንቅም ነው። ይህ ጨርቅ ለዘንፋላ ልብስ ይመቻል፤ ነገር ግን ውኃ ሲነካው ይሸበሸባል። ስለዚህ ልጅቱ ከመቅደድዋ በፊት አጠበችው፥ በጥላ አደረቀችው፥ በከሰል ካውያም ተኰሰችው።

የሸሚዙን ልክ ያገኘችው ከመምህርትዋ ነው። መምህርትዋ ከወረቀት የተቈረጠ ልክ አበደረቻት፥ ልጅቱም በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ገለበጠችው። እንዲህ ያለው የወረቀት ልክ ዛሬ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። ቀድሞ ግን አንድ ወረቀት አንድ ልክ ብቻ ነበረው፤ ወፍራምም ቀጭንም እርሱን እያሰፋና እያጠበበ መሥራት ነበረበት። ማሳቹሴትስ በሚባለው የአሜሪካ አገር የነበረ ኤቤኔዘር ባተሪክ የተባለ ልብስ ሰፊ በ1863 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር አንዱን ልብስ በልዩ ልዩ መጠን በወረቀት እየቈረጠ መሸጥ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ከልብስ ሰፊ ቤት ርቃ የምትኖር ሴት ሁሉ መቀስና መርፌ ካላት በቤትዋ ልትሰፋ ቻለች።

የወረቀቱን ሥራ ለማወቅ አስቀድሞ የጨርቁን ጠባይ ማወቅ ይገባል። በሸማኔ ዕቃ ላይ በቁመት የተዘረጋው ክር ድር ነው፤ በአግድም እየተወረወረ የሚገባው ማግ ነው። አንባቢ ይህን በነጠላው ላይ ሊሞክረው ይችላል። ነጠላውን በድሩ አቅጣጫ ቢስበው አይለጠጥም። በማጉ አቅጣጫ ቢስበው ጥቂት ይለቃል። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ቢስበው ግን በድሩና በማጉ መካከል ያለው አራት ማዕዘን ዓይን ይጣመምና ጨርቁ ይረዝማል። ማድሌን ቪዮኔ የተባለች የፓሪስ ልብስ ሰፊ ከ1912 ዓ.ም. በኋላ በፈረንጅ አቆጣጠር በዚህ ነገር ታላቅ ስም አገኘች፤ ጨርቅን በሰያፍ እየቀደደች ልብሱ ሰውነትን ተከትሎ እንዲወርድ ታደርግ ነበር። ልብሱንም አስቀድማ በትንሽ የእንጨት አሻንጉሊት ላይ ትሞክረው ነበር። በሰያፍ መቅደድ ግን ብዙ ጨርቅ ይበላል፥ ለጀማሪም ያስቸግራል። ስለዚህ መምህርትዋ፥ «አንቺ በድሩ ቅደጂ፤ ጨርቁ ለስላሳ ስለ ሆነ ራሱ ይዘናፈላል» ብላ መክራታለች።

በወረቀቱ ላይ ቀስት ያለበት መስመር ነበረ። ያ መስመር ከድሩ ጋር ትክክል መሆን አለበት። ትክክል መሆኑን የምታውቀው ከቀስቱ ራስ እስከ ጨርቁ ዳር፥ ከቀስቱ እግርም እስከ ጨርቁ ዳር በሜትር እየለካች ነው። ሁለቱ ልክ እኩል ካልሆኑ ወረቀቱ ጠሟል ማለት ነው፤ ልብሱም ሲለበስ ወደ አንድ ወገን ይዞራል።

ልጅቱ በቀዩ ጨርቅ ላይ መቀስ ለማሳረፍ ፈራች። ፍርሃትዋም መልካም ነበር። ነጠላ ወይም ጋቢ የሚያጣፋ ሰው አጣፍቶ ካላማረበት ፈትቶ እንደ ገና ያጣፋል፤ በመቀስ የተቈረጠ ግን ወደ ቦታው አይመለስም። ስለዚህ አስቀድማ ከአሮጌ አቡጀዲ ቀድዳ መሞከሪያ ሸሚዝ ሠራች። ፊቱንና ጀርባውን በረጃጅሙ ለጊዜው አያያዘችና ለእናትዋ አለበሰቻት።

አላማረም። ከአንገት ሥር ተነሥቶ ወደ ቀኝ ብብት የሚወርድ ሽብሽብ ታየ፤ የታችኛውም ጠርዝ በቀኝ በኩል ዝቅ አለ። ልጅቱ፥ «ወረቀቱን አጣምሜዋለሁ» አለችና ቀስቱን ለካች፤ ትክክል ነበር። «እንግዲያው ስፌቴ ነው» ብላ ፈታችው፥ ደግማም አያያዘችው። ሽብሽቡ አልጠፋም። ያን ጊዜ ተቈጣችና፥ «ይህ ወረቀት ውሸተኛ ነው!» ብላ ጋዜጣውን ወደ ጥግ ወረወረችው። እናትዋ ሸሚዙን ቀስ ብላ አውልቃ አጠፈችው፤ አንዳችም አልተናገረችም።

ማታ እናትዋ እሳት ስታነድ ልጅቱ አቡጀዲውን አንሥታ በራስዋ ላይ ለበሰችው። ሰፋት፤ ነገር ግን ቀጥ ብሎ ወረደ፥ ሽብሽብም አልነበረበትም። እጅግ ተገረመች። ወረቀቱ ካልጠመመ፥ ስፌቱም ካልጠመመ፥ በእርስዋም ላይ ቀጥ ብሎ ከወረደ፥ ጥፋቱ ከወዴት መጣ?

በነጋው ጠመኔ ይዛ፥ «እማዬ፥ ከግድግዳው ተጠግተሽ ቁሚ፤ ተረከዝሽ ግድግዳውን ይንካ» አለቻት። ከዚያም በሁለቱ ትከሻዎች ጫፍ አንጻር በጭቃው ግድግዳ ላይ ምልክት አደረገች። እናትዋ ዞር ስትል ከመሬት እስከ ምልክቱ ለካች። በግራ በኩል 133 ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ በቀኝ በኩል 131 ሆነ። ተሳስቼ ይሆናል ብላ ደግማ ለካች፤ ያው ሆነ።

እናትዋ ሁለቱን ነጭ ምልክቶች አየችና ፈገግ አለች። «ገመዱ ነው፥ ልጄ» አለች። «ውኃም ይሁን እንጨት፥ የገበያም ሸክም ይሁን፥ ገመዱን በዚህ በቀኝ በኩል ነው የማሳልፈው። አንቺን ሳልወልድ የጀመርሁት ነው።»

ልጅቱ እናትዋን በየቀኑ ታያት ነበር፤ ይህን ግን አይታው አታውቅም ነበር። ዓይንዋን ወደ ምድር አደረገች።

«የማይሆን ከሆነ ተይው» አለች እናትዋ። «ጨርቁን ለራስሽ አድርጊው። ሰው ጠማማ ትከሻዬን አይይብኝ።»

«ይሆናል» አለች ልጅቱ። ወረቀቱንም ከጥጉ አነሣችው።

በዚህ ስፍራ የወረቀቱን ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። የወረቀት ልክ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ብቻ ነው። ጨርቁ ለሁለት ይታጠፋል፥ ወረቀቱ ከእጥፋቱ ላይ ይደረጋል፥ ሲቈረጥም ሁለቱ ወገን አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል። ይህ ሥራን ያቀልላል፤ ወረቀቱን የሠራው ሰው ግን የሰው ሁሉ ቀኝና ግራ እኩል ነው ብሎ ነው የተነሣው። እኩል ያልሆነ ሰው ብዙ ነው። ልብሱ ጠንካራ ካኪ ቢሆን ልዩነቱ ብዙ ላይታይ ይችል ነበር፤ ዘንፋላ ልብስ ግን ከትከሻ ላይ ብቻ ስለሚንጠለጠል ትከሻ የሚነግረውን ሁሉ ይናገራል።

ሁለት መንገድ ነበራት። አንዱ ዝቅ ባለው ትከሻ ሥር ጥጥ የተሞላ ጨርቅ ሰፍቶ ከፍ ማድረግ ነው። ይህ ለወፍራም ልብስ ይሆናል፤ በስስ ጨርቅ ሥር ግን እንደ እብጠት ይታያል። ሁለተኛው ልብሱን ራሱን ትከሻውን እንዲከተል አድርጎ መቅደድ ነው። እርስዋም ሁለተኛውን መረጠች። ግማሹን ወረቀት ሁለት ጊዜ ገልብጣ በዱቄት ሙጫ አጣበቀችና ሙሉ አደረገችው። በቀኙ ወገን የትከሻውን መስመር ከአንገቱ ሥር ሳትነካ ወደ ጫፉ እየወረደች በ2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አደረገችው። የእጅጌው መግቢያ እንዳይጠብም የብብቱን ሥር በዚያው መጠን አወረደችው። የጀርባውንም ወረቀት እንዲሁ አደረገች።

አሁን ሌላ አደጋ ነበረ። ቀኝና ግራው ልዩ ልዩ የሆነ ወረቀት ተገልብጦ ከተቀመጠ ቀኙ ግራ ይሆናል፤ ያ ሁሉ ድካም እናቲቱን ሳይሆን ሌላ ሰውን ይጠቅማል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ «ቀኝ» «ግራ» ብላ ጻፈች። እንዲህም ሆኖ አላመነችም፤ ወረቀቱን በእናትዋ ደረትና ጀርባ ላይ ለጥፋ አየችው። ከዚያ በኋላ ቀዩን ጨርቅ ሳታጥፍ በንጹሕ ሰሌን ላይ ዘረጋችው፥ ወረቀቱን በእስፒል አያያዘችው፥ ለስፌት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ትታ በጠመኔ ከበበችው። ትንፋሽዋን ይዛ ቈረጠች።

የስፌት መኪና አልነበራቸውም፤ በእጅ ሰፋች። መርፌው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዶ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ የሚመለስበት ስፌት ጊዜ ይወስዳል እንጂ ጠንካራ ነው። የዚህ ጨርቅ ዳሩ ቶሎ ስለሚተረተር እያጠፈች ዘመዘመችው። የአንገቱን ዙሪያ ሁለት ጊዜ ፈታች፥ ሦስተኛው ተስማማት። ይህ ሁሉ ከትምህርት በኋላ በሚቀረው ጊዜ ዐሥራ አንድ ቀን ፈጀ።

የጊፋታ ቀን እናቲቱ ሸሚዙን ለበሰች። ጨርቁ ከሁለቱ ትከሻዎች እኩል ወረደ፥ ጠርዙም ዙሪያውን ቀጥ አለ። አንድ ጎረቤት ሴት ገና ከበሩ ላይ ሳለች አየቻትና፥ «ትከሻሽ ዛሬ እንዴት ተቃና?» አለች። እናቲቱ ሳቀች እንጂ አልመለሰችም።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ያች ጎረቤት ወደ ልጅቱ መጣች። «ያን ወረቀት ብትሰጪኝ እኔም አንድ እሰፋበታለሁ፤ ቁመቴና የእናትሽ ቁመት አንድ ነው» አለች።

ልጅቱ ወረቀቱን አላወጣችም። ጠመኔዋንና ሜትርዋን አነሣችና፥ «እስቲ ከግድግዳው ተጠግተው ይቁሙ» አለቻት።