የኖራ ሒሳብ፦ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ የኬሚስትሪ መግቢያ

በሐዋሳ ሐይቅ ዙሪያ ያለው የስምጥ ሸለቆ አፈር በአብዛኛው ለገለልተኛነት የቀረበ ስለሆነ ኖራ አይፈልግም። ወደ ሁላና ወደ ሐገረ ሰላም ደጋ በተወጣ መጠን ግን ዝናቡ ይበዛል፤ ካልሲየሙ በጎርፍና በስርገት ይታጠባል፤ አፈሩም አሲዳማ ይሆናል። በአገር ደረጃ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ የአሲድ ችግር እንዳለበት ይገመታል። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ገበሬው ለማዳበሪያ የከፈለው ገንዘብ በከፊል ይባክናል፤ ምክንያቱም ፎስፈረሱን አሉሚኒየምና ብረት ይይዙታል።

ማኅበራት ዘወትር የሚጠይቁን ጥያቄ «በሄክታር ስንት ኩንታል ኖራ?» የሚል ነው። ለሁሉም ማሳ የሚሆን አንድ መልስ የለም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የላቦራቶሪውን ወረቀት ይዞ ራሱ ሊያሰላው ይችላል፤ ለዚህም ጥቂት የኬሚስትሪ ቃላትን ማወቅ ይበቃዋል።

የመጀመሪያው ቃል አጸግብሮት ነው። ይኸውም ንጥረ ነገሮች ተገናኝተው ጠባያቸው የተለየ ሌላ ነገር ሲሆኑ ማለት ነው። ኖራ በአሲዳማ አፈር ውስጥ የሚያደርገው አጸግብሮት ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

1 ካልሲየም ካርቦኔት + 2 ሃይድሮጂን አዮን → 1 ካልሲየም አዮን + 1 ውሃ + 1 ካርቦን ዳይኦክሳይድ

አሲድ የምንለው ሃይድሮጂን አዮኑን ነው። በቀስቱ ግራና ቀኝ ያለው ልክ እንደ ማኅበር የገቢና የወጪ መዝገብ እኩል መሆን አለበት፤ አንድም አቶም አይጠፋም፣ አንድም አይጨመርም። ከፊታቸው ያሉት ቁጥሮች ደግሞ ምጣኔውን ይነግሩናል፦ አንድ ካርቦኔት ሁለት አሲድ ያጠፋል። ስቶይኪዮሜትሪ የሚባለው ትምህርት ይኸው የምጣኔ ሒሳብ ነው።

ይሁን እንጂ አቶም አይቆጠርም። የቡና ማኅበር ፍሬ በፍሬ እየቆጠረ አይረከብም፤ ይመዝናል። በኬሚስትሪም ሞል የሚባል መለኪያ አለ። ደርዘን 12 እንደሆነ ሁሉ ሞልም አንድ የታወቀ፣ እጅግ ግዙፍ ቁጥር ነው፤ ጥቅሙ ቁጥርን ወደ ሚዛን መለወጡ ነው። የካልሲየም ክብደት 40፣ የካርቦን 12፣ የኦክሲጅን 16 ነው። በካልሲየም ካርቦኔት ውስጥ አንድ ካልሲየም፣ አንድ ካርቦንና ሦስት ኦክሲጅን ስላሉ ድምሩ 100 ይሆናል፤ ማለትም አንድ ሞል 100 ግራም ይመዝናል።

አሁን ወደ ማሳው እንሂድ። ላቦራቶሪው የአፈሩን ተለዋዋጭ አሲድ 2 ሴንቲሞል በኪሎ ብሎ ሰጥቷል እንበል፤ ይህም በአንድ ኪሎ አፈር ውስጥ 0.02 ሞል አሲድ አለ ማለት ነው። የሚታረሰው ጥልቀት 15 ሳንቲ ሜትር፣ የአንድ ሜትር ኩብ አፈር ክብደት 1,200 ኪሎ ቢሆን፣ በአንድ ሄክታር ያለው አፈር 1,800,000 ኪሎ ነው። በ0.02 ሲባዛ 36,000 ሞል አሲድ ይገኛል። አንድ ካርቦኔት ሁለት አሲድ ስለሚያጠፋ የሚያስፈልገው 18,000 ሞል፣ በክብደት 1,800 ኪሎ ወይም 18 ኩንታል ነው። ሆኖም በማሳ ላይ ኖራው ሁሉ ከአፈሩ ጋር እኩል አይገናኝም፤ ስለዚህ በ1.5 ይባዛል፤ 27 ኩንታል ይሆናል። ይህ ንጹሕ ለሆነ ካርቦኔት ነው። የቀረበው ድንጋይ ንጽሕናው 90 በመቶ ከሆነ 27 ለ0.9 ተካፍሎ 30 ኩንታል ይመጣል፤ በአንድ ካሬ ሜትር 300 ግራም ማለት ነው። ሩብ ሄክታር ላለው ገበሬ 7 ኩንታል ተኩል ይበቃዋል። ንጽሕናውን ሳይጠይቁ ኖራ መግዛት ርጥበቱን ሳይለኩ ቡና እንደ መረከብ ነው።

የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ጠፍቶ የግንባታ ኖራ ሲገኝ ምን ይደረግ? 100 ኪሎ የኖራ ድንጋይ በእሳት ሲቃጠል 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣና 56 ኪሎ የተቃጠለ ኖራ ይቀራል። 56ቱ ኪሎ 18 ኪሎ ውሃ ሲጠጣ 74 ኪሎ ይሆናል። አሲድ የማጥፋት ኃይላቸው ግን እኩል ነው። ስለዚህ 27 ኩንታል ንጹሕ የኖራ ድንጋይ በ20 ኩንታል ውሃ በጠጣ ኖራ ወይም በ15 ኩንታል በተቃጠለ ኖራ ይተካል። ለማጓጓዝ ቢቀልም የተቃጠለው ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል፣ ከውሃ ጋርም ሲገናኝ በኃይል ስለሚግል፣ በገበሬ እጅ እንዲበተን አንመክርም።

ካልሲየም ያለበት ነጭ ዱቄት ሁሉ አሲድ አያጠፋም። ጂፕሰም ካልሲየም አለው፤ ነገር ግን ካርቦኔት ስለሌለው የአፈሩን ፒኤች አያነሣም። ጥርጣሬ ካለ ጥቂት ዱቄት ላይ የሎሚ ጭማቂ ጠብ ማድረግ ነው። የኖራ ድንጋይ አረፋ ያወጣል፤ ጂፕሰም ዝም ይላል። ውሃ የጠጣ ኖራም አረፋ ስለማያወጣ፣ ዝም ያለ ዱቄት ሲገኝ ሳይጣል ወደ ላቦራቶሪ ይላክ።

ሌላው ቃል ሙሙት ነው። አንድ ነገር በሌላው ውስጥ ሟሙቶ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ሲሆን ሙሙት ይባላል፤ የሟሟው ሟሚ፣ ያሟሟው አሟሚ ነው። በአንድ ሊትር ውሃ ከአንድ ኪሎ በላይ ዩሪያ ይሟሟል። ውሃ ከጠጣ ኖራ የሚሟሟው 1.7 ግራም ገደማ ብቻ ነው። የኖራ ድንጋይ ደግሞ በንጹሕ ውሃ 20 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ኖራ እንደ ዩሪያ ከላይ ተበትኖ ዝናብ ያሰርገዋል ብሎ መተው ዋጋ የለውም። በደንብ የደቀቀ መሆን፣ ከተበተነም በኋላ በእርሻ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል አለበት፤ ከዘር በፊትም ቢያንስ አንድ ወር ይፈልጋል።

የመርጫ ሒሳብም ከዚሁ ይወጣል። 2 በመቶ የዩሪያ ሙሙት ለማዘጋጀት በ100 ሊትር 2 ኪሎ፣ በ15 ሊትር መርጫ 300 ግራም ይገባል። በውሃ የሚበጠበጡ የፈንገስ መድኃኒት ዱቄቶች ግን ሙሙት አይሆኑም፤ ተንሳፈው ይቆያሉ እንጂ። መርጫው ካልተወዘወዘ ይዘቅጣሉ፤ የመጀመሪያው መስመር ብዙ፣ የመጨረሻው ጥቂት መድኃኒት ያገኛል፤ ወይም ተገላቢጦሽ ይሆናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ኖራንና ማዳበሪያን በአንድ ጆንያ ቀላቅሎ በአንድ ጉዞ መበተን ጉልበት ቆጣቢ ይመስላል። ነገር ግን በኤንፒኤስና በዳፕ ውስጥ ያለው አሞኒየም ውሃ ከጠጣ ኖራ ጋር ሲገናኝ አሞኒያ ጋዝ ሆኖ ይተናል፤ አፍንጫን የሚሰነፍጠው ሽታ ገበሬው የገዛው ናይትሮጅን ነው። የኖራ ድንጋዩ ቀስ ብሎ ቢሠራም ያንኑ ያደርጋል። ስለዚህ ኖራው አስቀድሞ ታርሶ ይግባ፤ ማዳበሪያው በዘር ጊዜ በመስመር ይከተል፤ በማኅበሩ መጋዘንም ሁለቱ በተለያየ ጥግ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ይቀመጡ።