ቡችላን በሽልማት ማስተማር

በየካ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚያዘልቁ መንደሮች፣ ውሻ ግቢን ከሌባና ከጅብ ይጠብቃል ተብሎ ይያዛል። አንዳንድ ባለቤቶች ቡችላው «ኃይለኛ እንዲሆን» ገና ጡት እንደተወ በሰንሰለት ያስሩታል፤ ከሰው ያርቁታል፤ ሲያጠፋም በዱላ ይመቱታል። የእንስሳት ጠባይ ጥናት እንደሚያስረዳው ግን በዚህ መንገድ ያደገ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ፈሪ ይሆናል። ፈሪ ውሻ ደግሞ ሌባውንና የጎረቤቱን ልጅ ሳይለይ ሊነክስ ይችላል።

ለመሆኑ ምክንያቱ ምንድን ነው? ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳመለከቱት፣ ቡችላ በግምት ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ዕድሜው ከሌሎች ፍጡራን ጋር በቀላሉ ይላመዳል። በዚህ ጊዜ ያላያቸውን ሕፃናት፣ እንግዶችና ተሽከርካሪዎች ካደገ በኋላ ሊፈራቸው ይችላል። እስከ 8ኛው ሳምንት ገደማ ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ቢቆይ ደግሞ በጨዋታ መካከል የንክሻውን ኃይል መቆጣጠር ይማራል።

ሁለተኛው ቁም ነገር የመማር ሕግ ነው። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 በድመቶች ላይ ባደረገው ሙከራ፣ መልካም ውጤት ያስከተለ ድርጊት እየተደጋገመ እንደሚሄድ አሳየ። ቡችላን «ቁጭ» ማስተማርም በዚሁ ሕግ ይመራል። ቁራጭ ሥጋ ከአፍንጫው ፊት ይዘን ቀስ ብለን ወደ ራሱ በላይ ስናነሣ፣ አንገቱን ሲያቀና ወገቡ ወደ መሬት ይወርዳል። ልክ በተቀመጠበት ቅጽበት «ጎበዝ» ብለን ሥጋውን እንሰጠዋለን። ሽልማቱ ከዘገየ ቡችላው የተሸለመው ለየትኛው ድርጊት እንደሆነ አያውቅም። ትምህርቱ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ከ5 ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል። ሽንኩርት ውሻን ስለሚመርዝ ወጥ የነካው እንጀራ ለሽልማት አይሆንም።

ዱላ የሚጎዳውም በዚሁ ሕግ መሠረት ነው። «ና» ተብሎ ዘግይቶ የመጣ ቡችላ ቢመታ፣ የሚማረው መዘግየት ክፉ መሆኑን ሳይሆን መምጣት እንደሚያስመታ ነው። ሕፃን ባየ ቁጥር የሚመታ ቡችላም ሕመሙን ከሕፃኑ ጋር ያያይዘዋል። በእንጦጦ ጫካ ከሯጮችና እንጨት ከተሸከሙ እናቶች ጋር ለሚገናኝ ውሻ፣ በመጀመሪያው ጥሪ መመለስ ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ነው። ስለዚህ «ና» ተብሎ የመጣ ቡችላ ምንጊዜም መልካም ነገር ሊጠብቀው ይገባል።

ጥሩ ጠባይ ግን ክትባትን አይተካም። ቡችላው ክትባቱን እስኪጨርስ ድረስ ታቅፎ ሰፈሩን ቢያይ፣ እንግዶችንም በግቢው ውስጥ ቢለማመድ ይበቃል። 3 ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መውሰድ አለበት። በበሽታው ምልክቱ ከታየበት ሰው የሚተርፍ የለም ለማለት ይቻላልና፣ ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።