መልእክትን ከስምምነቱ ማውጣት፦ የፓይተን ሜታክላስ በምሳሌ



በዚህ ጽሑፍ ብዙ ተማሪ ስሙን ሰምቶ የሚሸሸውን ርዕስ እናያለን፤ የፓይተን ሜታክላስ። ክላስ፣ ኦብጀክትና ኢንሄሪታንስ ምን እንደሆኑ የሚያውቅ ሰው ኢንሻአላህ እስከ መጨረሻው ሳይቸገር ይከተላል። ርዕሱን በደፈናው ከማብራራት ይልቅ አንድ ሥራ ይዘን እንሄዳለን፦ በሁለት ፕሮግራሞች መካከል የሚላላክ መልእክት።

ችግሩ ምንድን ነው?

አንድ የሙቀት መለኪያ በየደቂቃው ለኮምፒውተር መልእክት ይልካል እንበል። መልእክቱ ሦስት መስኮች አሉት፦ የመለኪያው መለያ ቁጥር በ2 ባይት፣ ሰዓቱ በ4 ባይት፣ ሙቀቱ በ2 ባይት፤ በድምሩ 8 ባይት። ሙቀቱ የሚጻፈው በዲግሪ መቶኛ ስለሆነ 2350 ማለት 23.50 ዲግሪ ነው።

በሽቦው የሚያልፈው 8 ባይት ብቻ ነው። «ይህ ሙቀት ነው፣ ይህ መለያ ነው» የሚል ጽሑፍ አብሮት አይሄድም። ትርጉሙ ያለው በላኪና በተቀባይ ስምምነት ውስጥ ነው። አሁን የላኪውን ፕሮግራም የሚጽፈው ሰው ሙቀቱን ወደ ፊት፣ መለያውን ወደ ኋላ አዛወረ፤ ለተቀባዩ ግን አልነገረም። ርዝመቱ ያው 8 ባይት ስለሆነ ምንም የስሕተት ምልክት አይታይም። ቁጥር 7 የሆነው መለኪያ 23.50 ዲግሪ ብሎ የላከው፣ ተቀባዩ ጋር ሲደርስ ቁጥሩ 2350 የሆነ መለኪያ 0.07 ዲግሪ አነበበ ተብሎ ይመዘገባል። ፕሮግራሙ ቢቆም ይሻል ነበር። የቆመ ፕሮግራም ሰው ያየዋል፤ የተሳሳተ ቁጥር ግን ዝም ብሎ ሪፖርት ውስጥ ይገባል።

የዚህ ሁሉ ምንጭ አንዱ ስምምነት ሁለት ቦታ በእጅ መጻፉ ነው። መፍትሔው ስምምነቱን አንድ ቦታ ጽፎ ክላሶቹ ከእሱ እንዲወጡ ማድረግ ነው። ሜታክላስ የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው።

ክላስም ኦብጀክት ነው

የሬጅስትራርን ቅጽ አስቡ። ተማሪው የሞላው ቅጽ ኦብጀክት ነው። ባዶው ቅጽ ክላስ ነው። ባዶውን ቅጽ የሚያትመው ማሽን ደግሞ ሜታክላስ ነው።

በፓይተን ሁሉም ነገር ኦብጀክት ነው፤ ክላስም ጭምር። የ7 ዓይነት ኢንት ነው፤ የኢንት ዓይነት ደግሞ ታይፕ ይባላል። ለታይፕ አንድ ነገር ብቻ ስንሰጠው የዚያን ነገር ዓይነት ይነግረናል። ሦስት ነገር ስንሰጠው፣ ማለትም ስም፣ የወላጅ ክላሶች ዝርዝርና የባሕርያት ዲክሽነሪ፣ አዲስ ክላስ ሠርቶ ይመልስልናል። እኛ ክላስ በተለመደው መንገድ ስንጽፍም ከጀርባ የሚሆነው ይኸው ነው። ፓይተን የክላሱን አካል ከላይ ወደ ታች ያስኬዳል፣ ያገኛቸውን ስሞች በዲክሽነሪ ይሰበስባል፣ በመጨረሻም ሦስቱን ለታይፕ ያስረክባል። ሜታክላስ መጻፍ ማለት ከታይፕ የሚወርስ ክላስ ጽፎ በዚህ ርክክብ መሐል መግባት ነው።

መድረሳ ሶርፍ ለቀራ ሰው ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፋዒል የሚለው ወዝን አንድ ነው፤ ከተበ ሲገባበት ካቲብ፣ ዘከረ ሲገባበት ዛኪር ይወጣል። የእያንዳንዱን ግሥ አድራጊ ለየብቻ የሚሐፍዝ የለም። በእኛ ምሳሌ ሥሩ የመልእክቱ ስምምነት፣ ወዝኑ ሜታክላሱ፣ የሚወጣው ቃል ክላሱ ነው። መካከሉ ደካማ ፊደል የሆነ ሥር ሲመጣም ደንቡ አንዴ ይቀመጣል፤ ቃለን ወደ ቃኢል የሚወስደው ደንብ ሷመንም ወደ ሷኢም ይወስዳል። ልዩ ሁኔታ አንድ ቦታ ተፈትቶ ለሁሉም ያገለግላል።

ሜታክላሱ የሚሠራቸው አራት ሥራዎች

ተጠቃሚው የሚጽፈው የክላሱን ስም፣ የመልእክቱን ቁጥርና ሦስቱን መስኮች ከነዓይነታቸው ብቻ ነው። የቀረውን ሜታክላሱ በኒው ሜተዱ ውስጥ ይሠራል።

1ኛ፦ መስኮቹን በተጻፉበት ቅደም ተከተል ይሰበስባል። ከፓይተን 3.6 ጀምሮ የክላስ ባሕርያት የተጻፉበት ቅደም ተከተል ስለሚጠበቅ ይህ ቀላል ነው። በቀድሞዎቹ የፓይተን 3 ስሪቶች ግን ፕሪፔር በሚባለው ሜተድ በኩል ቅደም ተከተል የሚጠብቅ ዲክሽነሪ ማቅረብ ያስፈልግ ነበር።

2ኛ፦ ከመስኮቹ የባይት አቀማመጡን ያወጣል። ለስትራክት ሞጁል የሚሰጠው ቀመር በእጅ አይጻፍም። ትልቁ ባይት ይቅደም ወይስ ትንሹ የሚለውም እዚሁ አንዴ ይወሰናል።

3ኛ፦ ስሎትስ ያስቀምጣል። ስሎትስ ያለው ኦብጀክት ከተፈቀዱት መስኮች ውጭ ሌላ ስም አይቀበልም፤ «ሙቀት» ለማለት «ሙቀጥ» ብሎ የጻፈ ሰው ወዲያው ስሕተት ይደርሰዋል። ሁለት ነገር ልብ በሉ። የመስኮቹ ስሞች አስቀድመው ከዲክሽነሪው ካልወጡ ፓይተን ስሎትሱ ከክላሱ ባሕርይ ጋር ተጋጨ ብሎ እምቢ ይላል። ወላጁ ክላስም ባዶ ስሎትስ ሊኖረው ይገባል፤ አለዚያ ጥበቃው አይሠራም።

4ኛ፦ ክላሱን በመልእክት ቁጥሩ መዝገብ ውስጥ ያስገባል። ቁጥሩ ቀድሞ ከተያዘ ስሕተት ያስነሳል።

ትልቁ ጥቅም ያለው ጊዜው ላይ ነው። ይህ ሁሉ ምርመራ የሚካሄደው ክላሱ ሲፈጠር፣ ማለትም ሞጁሉ ሲጫን ነው። አንድም መልእክት ሳይላክ በፊት የስምምነቱ ጉድለት ይገለጣል።

ከፋይል የሚወጡ ክላሶች

አሁን አንድ እርምጃ እንቀጥል። ስምምነቱን በጄሰን ፋይል እናስቀምጠው። ፕሮግራሙ ሲነሣ ፋይሉን ያነብና ለእያንዳንዱ መልእክት ሜታክላሱን ስም፣ ወላጅና ዲክሽነሪ ሰጥቶ ይጠራዋል። ፕሮግራሙ ሲጻፍ ያልነበረ የመልእክት ዓይነት እንኳ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ክላስ ያገኛል። ላኪው በሲ ቋንቋ የተጻፈ ከሆነ ከዚያው ፋይል የሲ ሄደር የሚያወጣ አጭር ስክሪፕት ይበቃል። የፋይሉ ሃሽ በግንኙነቱ መጀመሪያ ላይ ቢላላክ ደግሞ ሁለቱ ወገኖች የተለያየ ቅጂ እንደያዙ ወዲያው ይታወቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ከፋይሉ የክላስ ጽሑፍ አዘጋጅቶ በኤግዜክ ማስኬድም ይቻላል፤ ነገር ግን ፋይሉ ከማይታመን ቦታ ከመጣ የሌላ ሰው ኮድ ማስኬድ ሊሆን ይችላል። በሜታክላስ መንገድ የፋይሉ ይዘት መረጃ ሆኖ ይቀራል እንጂ ኮድ አይሆንም።

ይህ የክፍል ልምምድ ብቻ አይደለም። ጎግል በ2008 ለሕዝብ የለቀቀው ፕሮቶኮል በፈርስ በፓይተን የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። በአዲሶቹ ስሪቶች ፕሮቶክ የሚያወጣውን የፓይተን ፋይል ስትከፍቱ የመልእክቱ ክላስ ተዘርዝሮ አታገኙትም። የምታገኙት የስምምነቱን መግለጫ በባይት መልክ ነው፤ ክላሱ የሚፈጠረው ፋይሉ ሲጫን በሜታክላስ አማካይነት ነው። በተጨማሪም እያንዳንዱ መስክ ቁጥር ስላለው ከላይ ያየነው የቦታ መለዋወጥ ትርጉሙን አያበላሽም።

መቼ አያስፈልግም?

መስኮችን ለመያዝ ብቻ ከሆነ ከፓይተን 3.7 ጀምሮ ያለው ዳታክላስ ይበቃል። ክላሶችን ለመመዝገብ ብቻ ከሆነ በ3.6 የመጣው ኢኒት ሰብክላስ ይበቃል። ሜታክላስ በእውነት የሚያስፈልገው ክላሱ ከመፈጠሩ በፊት ዲክሽነሪውን መንካት ሲኖርብን ነው፤ ስሎትስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፣ ክላሱ ከተፈጠረ በኋላ ሊጨመር አይችልምና። ዋጋም አለው። ከፋይል የወጡ ክላሶችን የኮድ ኤዲተሩ ስለማያያቸው የመስክ ስም አያሟላም። ሁለት የተለያዩ ሜታክላሶች ካሏቸው ወላጆች መውረስም ግጭት ሊያስነሳ ይችላል።

ሜታክላስ የማይደርስበትም ነገር አለ። በ1999 የናሳ ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የጠፋው መሬት ላይ ያለ አንድ ሶፍትዌር ግፊቱን በፓውንድ ኃይል ሰከንድ ሲያወጣ ሌላው በኒውተን ሰከንድ ይጠብቅ ስለነበር ነው። የቁጥሩ ዓይነት ትክክል ነበር፤ መለኪያው ግን ተለያየ። ስለዚህ በስምምነቱ ፋይል ላይ ከዓይነቱ ጎን መለኪያውንም ጻፉ። ያልተጻፈውን ማንም ክላስ ሊፈትሸው አይችልም።

ልምምድ

የምሳሌያችንን ሦስት መስኮች በስትራክት ሞጁል ያለ ክፍተት ስታስሉ 8 ባይት ይመጣል። በተለመደው ኮምፒውተር ላይ የማሽኑን የራሱን አሰላለፍ ስትጠቀሙ ግን 10 ባይት ይሆናል። ሁለቱ ትርፍ ባይቶች የት ገቡ? የመስኮቹን ቅደም ተከተል ብቻ በመቀየር ልታስወግዷቸው ትችላላችሁ? መልሱን ስታገኙ ሜታክላሱ ላይ የምትጨምሩት አምስተኛ ምርመራ ምን መሆን እንዳለበት ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።